ቤንዚኑ ነው ወይስ ሴንሰሩ? ሞተር ሲያስቸግር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መኪና መንቀጥቀጥ ስትጀምር ሁለት ተጠርጣሪዎች ቶሎ ይጠራሉ። ባለቤቱ «ያ ርካሽ ቤንዚን ነው ጉድ የሠራኝ» ይላል። መካኒኩ ደግሞ የመኪናዋን ኮምፒውተር የሚያነበውን ስካነር ሰክቶ «ሴንሰር ነው» ይላል። ሁለቱም ልክ የሚሆኑበት ቀን አለ። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋተኛው የተሰነጠቀ ቱቦ፣ ያለቀ ካንዴላ ወይም የላላ ሶኬት ሆኖ ዳር ቆሞ ያያቸዋል። እዚህ የማወራው ስለ ቤንዚን ሞተር ነው። ናፍታ ጠባዩ ሌላ ነው።

ርካሽ ቤንዚን ሞተር ያበላሻል?

ርካሽ ስለሆነ ብቻ አያበላሽም። ሞተር ደረሰኝ አያነብም። እሱ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ኦክቴኑ የሚበቃው፣ ውሃና ቆሻሻ የሌለበት፣ በቂ ማጽጃ ኬሚካል የተጨመረበት ቤንዚን። በዋጋ የሚለያዩ ሁለት ማደያዎች ከአንድ ዴፖ የተጫነ ቤንዚን ሊሸጡ ይችላሉ። ልዩነቱ ቦቴው ሲጫን የሚጨመረው ማጽጃ እና ማደያው ከመሬት በታች የቀበረው ታንከር ንጽሕና ነው።

ማጽጃው ግን የሚናቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 ቢኤምደብሊው፣ ጄነራል ሞተርስ፣ ሆንዳ እና ቶዮታ አንድ ላይ ሆነው «ቶፕ ቲር» የሚባል መለኪያ አወጡ። የአሜሪካ ሕግ ከሚያስገድደው ዝቅተኛ መጠን የበለጠ ማጽጃ ያለው ቤንዚን ማለት ነው። በ2016 የአሜሪካ አሽከርካሪዎች ማኅበር የሆነው ትሪፕል ኤ ሁለቱን ዓይነት በሞተር ላይ አስፈተሸ። መለኪያውን ያላሟሉት ቤንዚኖች በመግቢያ ቫልቮች (ወደ ሲሊንደር በሚያስገቡት በሮች) ላይ በአማካይ 19 እጥፍ የሚሆን ጥቀርሻ ጥለው ተገኙ።

ቁጥሩ ያስደነግጣል። ቢሆንም ይህ ቀስ ብሎ የሚጠራቀም ነገር ነው። ትናንት ማታ ቀድታችሁ ዛሬ ጠዋት መኪናዋ ከተንዘፈዘፈች ምክንያቱ የማጽጃ ማነስ አይደለም።

ውዱን፣ ባለ ከፍተኛ ኦክቴኑን ብቀዳ መኪናዬ ጉልበት ታገኛለች?

ሞተሯ ለዚያ ካልተሠራች አታገኝም። ኦክቴን የጉልበት መለኪያ አይደለም። ቤንዚን ሲጨመቅ ካንዴላው እሳት ሳይሰጠው በራሱ ጊዜ እንዳይፈነዳ ያለው ትዕግሥት ነው። መለኪያው የተሠራው ከሁለት ፈሳሾች ነው፤ አይሶኦክቴን 100 ተሰጠው፣ ሄፕቴን 0። ባለ 95 ቤንዚን ማለት በሙከራ ሞተር ላይ 95 እጅ አይሶኦክቴን እና 5 እጅ ሄፕቴን እንዳለው ድብልቅ የሚሆን ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ቁጥሩ ከአገር አገር ይለያያል። አንዱ አገር 95 ብሎ የሚሸጠው ቤንዚን ሌላው አገር 91 ወይም 90 ተብሎ ሊለጠፍበት ይችላል። ቤንዚኑ ሳይሆን አቆጣጠሩ ነው የተለየው። መመሪያ መጽሐፉ ወይም የነዳጅ መክፈቻው ጀርባ «አር ኦ ኤን» (RON፣ አንዱ የኦክቴን አቆጣጠር) የሚል ከሆነ በዚያው አቆጣጠር አወዳድሩ።

ከሚያስፈልጋት በታች ብቀዳላትስ?

ሞተሩ ያንኳኳል። ዳገት ላይ ነዳጅ ስትሰጡ ጣሳ ውስጥ ጠጠር እንደሚንኮሻኮሽ ያለ ድምፅ ይሰማል። ያ ድምፅ ቤንዚኑ ያለ ሰዓቱ እየፈነዳ ፒስተኑን እየደበደበ ነው። ሲዘወተር ፒስተን እስከ መብሳት ይደርሳል።

ዘመናዊ መኪና ግን ዝም ብላ አትደበደብም። ሞተሩ ብሎክ ላይ በብሎን የታሰረ ኖክ ሴንሰር አለ። ውስጡ ሲንቀጠቀጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ክሪስታል ነው። ንዝረቱን ሲሰማ ለኮምፒውተሩ ይናገራል፤ ኮምፒውተሩም ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ቅጽበት ወደ ኋላ ያዘገያል። ድምፁ ይጠፋል። ጉልበቱም አብሮ ይቀንሳል፣ ፍጆታው ይጨምራል። ብዙ ሰው «ይሄ ቤንዚን ምንም አላደረጋትም» የሚለው ሴንሰሩ ጉዱን ስለሸፈነለት ነው። ተርቦ ያላቸውና ጭመቃቸው ከፍ ያለ ሞተሮች ላይ ልዩነቱ ቶሎ ይታያል።

ታዲያ በእርግጥ መጥፎ የሚባለው ቤንዚን የትኛው ነው?

ውሃ የገባበት የመጀመሪያው ነው። ውሃ ከቤንዚን ይከብዳል፤ ታንኩ ሥር ይተኛል። የነዳጅ ፓምፑም የሚስበው ከሥር ነው። ስለዚህ ጥቂት ውሃ እንኳ ቀድሞ ሞተር ጋ ይደርሳል። ኤታኖል (አልኮል) የተቀላቀለበት ቤንዚን ትንሽ ውሃ ውጦ ሊያልፍ ይችላል። መጠኑ ካለፈ ግን ኤታኖሉ ከውሃው ጋር ተያይዞ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከላይ የቀረው ቤንዚን ኦክቴኑ ይቀንሳል። አንድ ታንክ ውስጥ ሁለት ችግር ሆነ ማለት ነው።

ሁለተኛው ላምባ ወይም ናፍታ የተቀላቀለበት ነው። ላምባ እንደ ቤንዚን ቶሎ አይተንም፣ ኦክቴኑም ዝቅ ያለ ነው። መኪናዋ ታንኳኳለች፣ ታጨሳለች፣ ጠዋት ለመነሳት ታስቸግራለች። የቆየች ዘዴ አለች። ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ጣሉ፤ እሳት በሌለበት፣ አየር ባለበት ቦታ። ንጹሕ ቤንዚን ወዲያው ተንኖ ይሄዳል፣ ወረቀቱ ይደርቃል። ቅባት የነካው ዓይነት ክብ ከቀረ ከባድ ነዳጅ ገብቶበታል ብላችሁ ጠርጥሩ። ላቦራቶሪ አይደለም፤ ለጥርጣሬ ግን ይበቃል።

ያረጀ ቤንዚንም አለ። ወራት የቆመች መኪና ውስጥ ቀላሉ ክፍል እየተነነ ይሄድና የቀረው ይጎመዝዛል፣ ሙጫ ያበጃል። ሽታው እንደ ቀለም ማቅጠኛ ሲሆን አፍንጫ ያውቀዋል።

በስህተት ናፍታ ከቀዳችሁ ደግሞ ሞተር አታስነሱ። ቁልፉንም ባትነኩት ይሻላል፤ ብዙ መኪና ላይ ቁልፉ እንደዞረ ፓምፑ መግፋት ይጀምራል።

ችግሩ ከነዳጁ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

በሰዓት። ይህን ጥያቄ ለሚያነሳ ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው «መቼ ቀዳህ?» ነው።

መኪናዋ ደህና ነበረች፣ ቀዳችሁ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዳ መቆራረጥ ጀመረች? ነዳጁን ጠርጥሩ። ያን ቀን ከዚያው ማደያ የቀዳ ሌላ ሰው ተመሳሳይ ነገር ካለ ጥርጣሬው ወፈረ። ግማሽ ታንክ ከሄደ በኋላ ከጀመረ ግን ነዳጁ እስከዚያ የት ነበር?

ሞተር ሲሞቅ ብቻ የሚመጣ፣ ዝናብ ሲሆን ብቻ የሚመጣ፣ ጉድጓድ ስትረግጡ ብቻ የሚመጣ ችግር ብዙ ጊዜ የሽቦ፣ የኮይል (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ዕቃ) ወይም የሴንሰር ነው። ታንክ ውስጥ ያለው ቤንዚን ጠዋትም ከሰዓትም ያው ነው። አንዱ ሲሊንደር ብቻ ሳያቀጣጥል የሚዘል ከሆነም ነዳጁን ተዉት። መጥፎ ቤንዚን ለሁሉም ሲሊንደር ይዳረሳል፤ አንዱን መርጦ አይበድልም።

እርግጠኛ ለመሆን ናሙና አስወጡ። በጠራ ጠርሙስ ይቀዳና ሳይነቀነቅ ይቀመጥ። ውሃ ካለ ከሥር መስመር ሠርቶ ይለያል። ዝገትና ደለል ካለም እዚያው ይተኛል።

መጥፎ ነዳጅ ከቀዳሁ ምን ላድርግ?

ሞተሩ ክፉኛ እየተቆራረጠ ከሆነ ዳር ይዛችሁ አጥፉ። ደጋግሞ ማስነሳት ቆሻሻውን ቤንዚን ወደሚረጩት ኢንጀክተሮች መግፋት ነው። መኪናዋን አስጎትቱ፣ ታንኩን አስጠርጉ፣ የነዳጅ ፊልትሮውን ቀይሩ። ደረሰኙን አትጣሉ። ናሙናውንም በጠርሙስ አስቀሩ፤ ማደያውን መጠየቅ ካለባችሁ ያለ እነዚህ ሁለት ነገሮች ወሬ ብቻ ነው የሚሆነው።

ኦክቴኑ ብቻ ካነሰና ቀላል ማንኳኳት ከሆነ ማስጠረግ አያስፈልግም። በዝግታ ንዱ፣ ጭነት አታብዙ፣ ቦታ ሲገኝ ከፍ ያለውን ኦክቴን ጨምሩበት።

ቼክ ኢንጂን በራ፣ ስካነሩም የኦክስጅን ሴንሰር ስም ጠራ። ልቀይረው?

ቆዩ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ገንዘብ የሚፈሰው።

ስካነሩ የሚያሳየው የብልሽት ኮድ የምስክር ቃል ነው፤ ፍርድ አይደለም። ለምሳሌ ፒ0171 የሚባለውን ኮድ ውሰዱ። ትርጉሙ «ድብልቁ ውስጥ ቤንዚን አነሰ፣ አየር በዛ» ነው። ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል በክብደት 14.7 እጅ አየር ለ1 እጅ ቤንዚን ያስፈልገዋል። ከጭስ መውጫው ላይ የተተከለው ኦክስጅን ሴንሰር የተረፈውን አየር ያሸታል፤ ከሚገባው በላይ ሲያገኝ ይናገራል። ሥራውን ሠራ። እሱን ነቅሎ አዲስ መትከል አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት ነው። አዲሱም እዚያው ቁጭ ብሎ ያንኑ ይናገራል።

ቤንዚን ለምን አነሰ? የመግቢያ ቱቦ ተሰንጥቆ አየር ሰርቆ እየገባ ይሆናል። የነዳጅ ፓምፑ ደክሞ ይሆናል። ፊልትሮ ተደፍኖ፣ ኢንጀክተር ቆሽሾ፣ የአየር መለኪያው አቧራ ለብሶ ይሆናል። ከሴንሰሩ በፊት ያለው የጭስ ቱቦ ተበስቶም የውጭ አየር እየሳበ ይሆናል። ከሚፈቀደው በላይ ኤታኖል ያለበት ነዳጅም ይህንኑ ኮድ ያመጣል፤ ኤታኖል ራሱ ኦክስጅን ስላለው ሞተሩ ብዙ ይጠጣል።

ፒ0420ም እንደዚሁ ነው። ከካታላይዘሩ (ጭስ ቱቦው ላይ ካለው የጭስ ማጽጃ) በኋላ ያለው ሴንሰር «ይሄ ካታላይዘር ጭሱን እያጸዳ አይደለም» ሲል የሚመጣ ኮድ ነው። ሰው ሴንሰሩን ይቀይራል፤ መብራቱ ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

ስለ ሴንሰሩ ስለ ራሱ የሚያወሩ ኮዶችም አሉ። «ሰርኪት» የሚል ቃል ያለባቸው ማለት ነው፤ ፒ0335 የክራንክ ሴንሰር፣ ፒ0325 የኖክ ሴንሰር። እነዚህ ሲመጡ ጥፋቱ ከሴንሰሩ፣ ከሽቦው ወይም ከሶኬቱ ከአንዱ ነው። ዕቃ ከመግዛት በፊት ሶኬቱን ነቅሎ ማየት ምንም አያስከፍልም። አረንጓዴ ዝገት ያበጀ ሶኬት፣ ዘይት የገባበት ሶኬት፣ አይጥ የበላው ሽቦ፤ ሦስቱንም በዓይኔ አይቻለሁ። የአይጡ ሽቦ ላይ የጥርሷ ምልክት እንኳ ይታይ ነበር።

በእርግጥ ሲበላሹ ሞተር የሚያስቸግሩት የትኞቹ ሴንሰሮች ናቸው?

ሁሉንም ልዘርዝር ብል አይነጋም። የሚበዙትን ብቻ።

የክራንክ ሴንሰር ሞተሩ መዞሩን ለኮምፒውተሩ የሚነግር ነው። እሱ ዝም ካለ ብዙ መኪና ላይ ካንዴላ እሳት አይሰጥም፣ ኢንጀክተርም አይከፈትም። አንድ ጊዜ ያረጀች መኪና ነበረችኝ። ጠዋት እንደ ሰዓት ትሠራለች። 40 ደቂቃ ያህል ከነዳኋት በኋላ ግን ትራፊክ መብራት ላይ እልም ትላለች። ኮፈኑን ከፍቼ ግማሽ ሰዓት ስጠብቅ ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። ቤንዚን ነው ብዬ ማደያ ቀየርኩ። ታንኩን አስጠረግኩ። አንድ ጋራዥ ፓምፕ አስገዛኝ፣ ሌላው ካንዴላ። በመጨረሻ አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ጠፍታ እንዳለች ደረሰ። ስካነሩን ሰክቶ ሞተሪኖ እንድመታ ነገረኝ። ሞተሩ እየዞረ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ያለው የዙር ቁጥር ግን 0 ነው። ፈገግ አለ። አንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ሴንሰሩ ላይ ደፋበት። ተነሳች። ያ የአውራ ጣት ያህል ዕቃ ሲሞቅ ውስጡ ያለው ሽቦ ይለያይ ነበር። የገዛሁት ፓምፕ ዛሬም ሳጥን ውስጥ አለ።

የውሃ ሙቀት ሴንሰር ሌላው ነው። ሞተሩ ሞቆ እያለ «ብርድ ነው» ካለ ኮምፒውተሩ ያምነዋል፣ ቤንዚን ያበዛል። ጥቁር ጭስ፣ የቤንዚን ሽታ፣ የጨመረ ፍጆታ፣ ሲሞቅ ለመነሳት ማስቸገር ይመጣል። ሰው ይህን ሲያይ «ቤንዚኑ ተበላሽቷል» ማለት ይወዳል። ነጻ መፈተኛ አለው። መኪናዋ አድራ ጠዋት ከመነሳቷ በፊት ስካነር ሰክታችሁ የሞተሩን ውሃ ሙቀትና የሚገባውን አየር ሙቀት እዩ። ሌሊቱን ሙሉ አንድ ቦታ ስላደሩ ሁለቱ ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። አንዱ 18 ሲል ሌላው 45 ካለ አንዱ ይዋሻል። ከዜሮ በታች 40 የሚል ካገኛችሁ ሽቦው ተበጥሷል ወይም ሶኬቱ ወልቋል።

የአየር መለኪያው ከአየር ፊልትሮው ቀጥሎ ይገኛል። ብዙዎቹ ላይ የጋለ ቀጭን ሽቦ አለ፤ የሚገባው አየር ሲያቀዘቅዘው ነው መጠኑ የሚለካው። አቧራ ሲለብስ ያነሰ አየር ያወራል፣ መኪናዋም ስትነዳ ጉልበት ታጣለች። ዘይት የሚቀባ የአየር ፊልትሮ ከመጠን በላይ ከተቀባ ዘይቱ እዚያው ሽቦ ላይ ይሄዳል።

የነዳጅ መርገጫና የትሮትል ሴንሰሮች ሲደክሙ መኪናዋ ትርገበገባለች ወይም ጉልበቷን ቆልፋ ቀስ ብላ ብቻ ትሄዳለች። ያ ብልሽት ሳይሆን ራሷን መጠበቋ ነው።

ስካነሩ ላይ ያሉትን ቁጥሮች እኔ ላነብ እችላለሁ?

ትችላላችሁ፤ ያን ያህል አይከብድም። ባለ 16 ቀዳዳ መሰኪያ ከመሪው በታች አካባቢ ይገኛል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996፣ አውሮፓ ደግሞ ለቤንዚን መኪና ከ2001 ጀምሮ አስገድደውታል። በስልክ የሚሠራ ትንሽ አንባቢ ይበቃል።

ኮዱን አይታችሁ አትዝጉት። «ፉየል ትሪም» የሚሉ ሁለት ቁጥሮችን ፈልጉ፤ አንዱ የአጭር ጊዜ፣ አንዱ የረጅም ጊዜ ነው። ኮምፒውተሩ ከመደበኛው ምን ያህል ቤንዚን እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደሆነ በመቶኛ ይነግሯችኋል። በዜሮ ዙሪያ፣ ከ10 ያልበለጠ ጭማሪ ወይም ቅናሽ ከሆነ ሰላም ነው። 20 እና 25 ሲደርስ ኮምፒውተሩ እየታገለ ነው።

አሁን ጥሩው ጨዋታ ይመጣል። መኪናዋ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ እየሠራ) ቆማ ቁጥሩ 18 ነው እንበል። ነዳጅ ሰጥታችሁ ዙሩን 2,500 ላይ ያዙት። ቁጥሩ ወደ 3 ወይም 4 ከወረደ የተሰነጠቀ ቱቦ ፈልጉ። በሚኒሞ ጊዜ የሚገባው አየር ትንሽ ስለሆነ ሰርቆ የሚገባው ይገንናል፤ ዙሩ ሲጨምር ግን ይዋጣል። ተገላቢጦሽ ከሆነ፣ በሚኒሞ ደህና ሆኖ ስትነዱ እየጨመረ ከሄደ፣ የደከመ ፓምፕ፣ የተደፈነ ፊልትሮ ወይም የቆሸሸ የአየር መለኪያ ነው። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ፈተና ነው፤ ብዙ ዕቃ ከመግዛት ያድናል።

የፊተኛው ኦክስጅን ሴንሰር የድሮው ዓይነት ከሆነ ቮልቴጁ በ0.1 እና በ0.9 መካከል ቶሎ ቶሎ ሲወዛወዝ ታያላችሁ። መወዛወዙ ጤና ነው። አንድ ቦታ ደርቆ ሲቀር ነው መጠራጠር። አዳዲስ መኪኖች ላይ ያለው አሠራሩ ስለተለየ በዚህ አትፍረዱት።

መጥፎ ቤንዚን ራሱ ሴንሰር ሊገድል ይችላል?

ይችላል። «ቤንዚኑ ነው ወይስ ሴንሰሩ» የሚለው ክርክር የሚፈርሰውም እዚህ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 መጀመሪያ ላይ በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ በሺዎች የሚቆጠሩ መኪኖች በጥቂት ቀናት ውስጥ መንተፋተፍ፣ ጉልበት ማጣትና መቆም ጀመሩ። ጋራዦች ሲያዩ ኦክስጅን ሴንሰሩ ሞቷል። ቤንዚኑ ሲመረመር መጀመሪያ ምንም አልተገኘበትም፤ መደበኛው ምርመራ የሚፈልጋቸው ነገሮች ሁሉ ልክ ነበሩ። ኋላ ነው ቤንዚኑ ውስጥ ሲሊከን የተገኘው። መደበኛው ምርመራ አይፈልገውም ነበር። ሲሊከን ሲቃጠል የሚተወው ብናኝ የሴንሰሩን ጫፍ ይለብሰዋል። ሴንሰሩ ማሽተት ያቅተዋል፤ ኮምፒውተሩ በጨለማ ይነዳል። ሴንሰር ነው ያለውም፣ ቤንዚን ነው ያለውም ልክ ነበር።

እርሳስ ያለበት ቤንዚንም እንደዚሁ ያደርጋል። እርሳስ ማንኳኳትን እንደሚከላከል አሜሪካዊው መሐንዲስ ቶማስ ሚጅሊ በጄነራል ሞተርስ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ካታላይዘር ሲመጣ ግን ሁለቱ አብረው መኖር አልቻሉም፤ እርሳሱ ካታላይዘሩንም ኦክስጅን ሴንሰሩንም ይመርዛል። እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ለመንገድ መኪኖች ስትሸጥ የቆየችው የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ በ2021 አቆመች።

ቤንዚን ብቻም አይደለም። ዘይት የሚበላ ሞተር፣ ወደ ውስጥ የሚያፈስ የራዲያተር ውሃ፣ ጋስኬት ሲለጠፍ የተቀባ ተራ ሲሊኮን ሙጫ፤ ሁሉም ይህንኑ ሴንሰር ይገድላሉ። ስለዚህ ሲሞት ምን ገደለው ብላችሁ ሳትጠይቁ አዲስ አትትከሉ።

የቼክ ኢንጂን መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲልስ?

ይሄ አይቀለድበትም። ቦግ ብሎ የቀረ መብራት ቀጠሮ ይጠብቃል። ብልጭ ድርግም የሚለው ግን ሲሊንደር ሳያቀጣጥል እየዘለለ ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ካታላይዘሩ እየሄደ ነው ማለት ነው። ቤንዚኑ እዚያ ሲነድ ካታላይዘሩ ከልክ በላይ ይግላል፣ ውስጡም ይቀልጣል። እግራችሁን ከነዳጅ ላይ አንሱ፤ ካላቆመ ዳር ያዙ።

ሴንሰር አጽድቶ መጠቀም ይቻላል?

የአየር መለኪያውን፣ አዎ። ለእሱ ተብሎ በተሠራ ስፕሬይ፣ ሞተር ጠፍቶ፣ ሽቦውን በእጅም በጥጥም ሳትነኩ ንፉበት፤ በደንብ ሲደርቅ መልሱት። የካርቡራተር ማጽጃ አትጠቀሙ። ኦክስጅን ሴንሰርን በቤንዚን ዘፍዝፎ መቦረሽ ግን ከንቱ ድካም ነው። የተመረዘ ጫፍ ታጥቦ አይድንም።

ታንክ ውስጥ የሚጨመሩት የጠርሙስ ማጽጃዎች ይሠራሉ?

አንዳንዶቹ ይሠራሉ። ፖሊኤተር አሚን የሚባል ማጽጃ ኬሚካል ያለባቸው የኢንጀክተርና የቫልቭ ጥቀርሻ በእውነት ያለቅቃሉ። ነገር ግን የሞተ ሴንሰር አያስነሱም፣ የተሰነጠቀ ቱቦ አይሰፉም። መኪናችሁ ቤንዚኑን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የምትረጭ ከሆነች ደግሞ የመግቢያ ቫልቯን ቤንዚን አይነካውም። እዚያ ያለውን ጥቀርሻ የሚያመጣው የዘይት ትነት ነው፤ የቱንም ያህል ውድ ቤንዚን ብትቀዱ አይታጠብም።

የባትሪ ገመድ ነቅዬ ኮዱን ባጠፋውስ?

መብራቱ ይጠፋል፤ ችግሩ ይቀራል። ከዚያ በላይ ግን ማስረጃ ታጠፋላችሁ። ኮዱ ሲመዘገብ ኮምፒውተሩ የዚያን ቅጽበት ፎቶ ያነሳል፤ ሙቀቱ ስንት ነበር፣ ፍጥነቱ ስንት ነበር፣ ዙሩ ስንት ነበር የሚል። መካኒክ ከምንም በላይ የሚፈልገው ያንን ነው። ኮምፒውተሩ ከነዳጁና ከሞተሩ ጋር የተማረውንም ማስተካከያ ይረሳል፣ ለጥቂት ቀን ሚኒሞው ሊዋዥቅ ይችላል።

ታንኩ እስኪደርቅ መንዳት ይጎዳል?

ይጎዳል። ታንክ ውስጥ ያለው ፓምፕ የሚቀዘቅዘው በቤንዚኑ ነው። ሁልጊዜ የነዳጅ ማለቂያው መብራት በርቶ መንዳት ፓምፑን ያስረጀዋል።

ጋራዥ ስገባ ምን ብዬ ልናገር?

«ሴንሰር ቀይሩልኝ» አትበሉ። ይቀይሩላችኋል። ምልክቱን ንገሯቸው፦ መቼ ጀመረ፣ ሲበርድ ነው ሲሞቅ፣ ቆማ ነው ስትሄድ፣ መጨረሻ የቀዳችሁት መቼና የት ነው። ኮዱን ከማጥፋታቸው በፊት ስክሪኑን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ዕቃ ይቀየር ሲባል «ይሄ ዕቃ መበላሸቱን በምን ለካችሁት?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥሩ መካኒክ በዚህ ጥያቄ አይከፋውም፤ መልቲሜትሩን አውጥቶ ያሳያችኋል። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃም ተቀበሉ።